የጋሽ ተካ እርግቦች

ልጅ ሳለሁ ነገር ሁሉ የተበላሸብኝ በጥምቀት ማግስት ነው፤ ጁባ፣ አማራት ሰፈር፣ አባቴ በከፈተው ምግብ ቤት ግቢ ውስጥ። ዛሬ በዚያው ከተማ መሐንዲስ ሆኜ እሠራለሁ፣ ሰውም ያከብረኛል። ያንን ቀን ግን አልተውኩትም።

ያኔ አመሻሹ ላይ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ፣ እኛ ልጆች የሥጋ መጥበሻው ፍም አጠገብ እንሰበሰባለን፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተካ፣ የመጋዘናችን ኃላፊ፣ ፋኖሱን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ የሥጋው ስብ ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ወደ ኖኅ እርግብ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ቁራው ሬሳ አግኝቶ ቀረ፣ እርግቧ ግን ቅጠል ይዛ ተመለሰች ይሉና፣ «እርግብ የገደለ ሰው ቤቱ አይባረክለትም» ብለው እያንዳንዳችንን ያዩናል። እኔ አምኛቸው ነበር።

ኖኅ ግን የወፍ መመገቢያ አልሰቀለም፤ እርግብም አላስቸገረችውም። እኔ ከጀሪካን ቆርጬ የሠራሁትን መመገቢያ ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ላይ ሰቅዬ፣ ዳጉሳ እየጨመርኩ ትናንሾቹን ሰማያዊና ቀያይ ወፎች እመግብ ነበር። እርግቦቹ ሲደርሱበት ወፎቹን አባረው ይዘርፉታል። ጠግበው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ኩሳቸውን ይጥላሉ፤ አንድ ቀን አንድ የባንክ ሰው ጥብስ ላይ ጣሉበት። ሰውዬው ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «ጋሽ ተካ፣ ማባያው በነፃ ነው?» ሲል ግቢው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ተካ አልሳቁም።

እኔ በራሴ መላ መታሁ። መመገቢያውን ትንሽ ወፍ ብቻ በሚያሾልክ ሽቦ ከለልኩት። እርግቦቹ ቢዞሩት፣ ቢንጠላጠሉበት አልሆነላቸውም። በጥምቀት ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድም እርግብ አለመኖሩን ሳይ ደስ ብሎኝ አትክልተኛችንን ላዶን፣ «ሐማም ኸላስ» አልኩት። በጁባ ዓረብኛ፣ የእርግብ ነገር አበቃ፣ ከእንግዲህ አይመጡም ማለቴ ነበር። «ታማም»፣ ጥሩ ነው፣ አለኝ ላዶ እየሳቀ። ጋሽ ተካ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እርግቦቹ ከዛፉ ሥር ሞተው ተገኙ። ዙሪያቸው በአይጥ መርዝ የተለወሰ የተከካ በቆሎ ተበትኗል። አባቴ ማን እንዳደረገው ሲጠይቅ ጋሽ ተካ ቀስ ብለው፣ «እኔ ልጅ አልከስም፤ ብቻ ትናንት ሐማም ኸላስ ሲል ሰምቼዋለሁ» አሉ። ኸላስን አባቴ የሚያውቃት ከገበያ ነው፤ ዕቃ አልቋል ሲሉት። እርግቦቹን ጨረስኳቸው ያልኩ መሰለው፤ ያውም መንፈስ ቅዱስ በእርግብ አምሳል በወረደበት በዓል።

እኔ የማበላው ዳጉሳ ነው፣ በቆሎውም መርዙም ያለው መጋዘን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ጋሽ ተካ ወገብ ላይ ነው ብዬ ጮህኩ። አባቴ ታላቅ ወንድሙን በመድፈሬ ጨምሮ ገረፈኝ። ከዚያም አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ላከኝ፤ ከእናቴ ተለይቼ እዚያው አደግኩ፣ እዚያው ተማርኩ። አባቴ እውነቱን ሳያውቅ ሞተ።

ከዚያ ሁሉ ተረት የቀረኝ ያ የሚለሰልስ ድምፅ ነው። ባለፈው እሑድ ጋሽ ተካ እዚያው ግቢ ውስጥ ለእህቴ ልጆች ስለ ኖኅ እርግብ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ጠጋ ብዬ፣ «በቆሎውን ማን ለወሰው?» አልኳቸው።

«ኢንጂነር፣ አንተ አሁንም እርግብ ላይ ነህ?» ብለው ልጆቹን አሳቁብኝ።

አጠገቤ የነበረችው እናቴ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ተወው ልጄ፤ እኔ ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ። ያላደረግኩትን ነው ይቅር የምትለኝ።

ስለዚህ አልተውም። ዕርቅም ሽማግሌም አልፈልግም። በሚመጣው እሑድ እናቴን ፊት ለፊታቸው አስቀምጣለሁ፤ የሳቁት ልጆችም ይሰማሉ። ጋሽ ተካ፣ ተረቱ ይቆየን። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይመልሱላት፤ እርግቦቹን የገደለው ማን ነበር?