«ከባድ» የተባለው ጌም

ዛሬ ወልድያ አንድ ሱቅ ውስጥ የአዲስ ሲዲ ላስቲክ ሲቀደድ ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ። አጎቴ ለእኔና ለታናሽ እህቴ አንድ ጌም ሊገዛልን ከመርሳ ይዞን መጥቶ ነበር። የምመርጠው እኔ ነኝ። እህቴ ካልወደደችው ግን ዳግመኛ አትነካውም፤ ብቻዬን መጫወቴ ነው። ጭንቅ ያዘኝ።

«ባለሙያዎች ገምግመው ከባድ ጌም ነው ብለውታል» አለ ሻጩ አንድ ሲዲ እያቀበለኝ።

ለእህቴ ይከብዳታል ብዬ ደንግጬ ሲዲውን መለስኩለት።

«አንተ ፋራ! ከባድ ማለት እኮ ምርጥ ማለት ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

አጎቴ ግን «ባለሙያዎቹ እህትህን አያውቋትም» አለኝ። ያኔ አልገባኝም፤ እየፈራሁ ሌላ፣ የመኪና ውድድር ጌም አስገዛሁ።

ቤት ደርሰን ስንጫወት እህቴ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈች። ፊቷን አየሁ።

«እንድገመው!» አለች።

አሁን መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ የትኛውን ጌም እንግዛ ብለው ሲያማክሩኝ ግምገማውን አንብቡ እላለሁ፤ አስቀድሜ ግን «ከማን ጋር ልትጫወቱ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።