እማሆይ ስለ አውድማው ያልነገሩን

ልጅ ሳለሁ «የሴት እግር የረገጠው አውድማ በረከት የለውም፤ መልአኩ ይሸሻል» ያሉኝ የአባቴ አክስት እማሆይ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው እኛ ግቢ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ጎጆ ይኖሩ ነበር። ሲመሽ እንዝርታቸውን ይዘው እኛ ዘንድ ይመጡና ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እኛ ልጆቹ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው ዙሪያቸውን እንከባለን።

ያኔ ደጋግመው የሚያወሩልን የአንዲት ችኩል ሴት ተረት ነበር። ምሳ ይዛ ዳር ቆማ፣ ባሏ መጥቶ እስኪበላ መታገሥ አቅቷት አውድማው መሃል ትገባለች። ምርቱ ላይ ተቀምጦ እህሉን ሲባርክ የነበረው መልአክ ክንፉን ሰብስቦ ይነሣል። እዚህ ላይ ሲደርሱ እማሆይ ጎንበስ ብለው ፍሙን እፍ ይሉትና አመዱ ብን ሲል «ይኸውላችሁ፣ እንዲህ ነው የሄደ። ገብሱ ሁሉ ገለባ ሆኖ ቀረ» ይላሉ።

አንድ ምሽት ግን አንድ ነገር ከነከነኝና «እማሆይ፣ ስናርም መልአኩ የት ነበር?» አልኳቸው።

«ስታርሙማ ምን ያደርግላችኋል!» አለ አባቴ።

«ስናጭድስ? ነዶውን ተሸክመን ስናመጣስ? ያን ጊዜስ እግራችን የማን ነበር?»

አባቴ በሳቅ ፈረሰ። «ይቺን ልጅ ንፋስ መውጫ ከተማ ወስጄ ጠበቃ ነው የማደርጋት!» ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እማሆይ ብቻ አልሳቁም። እንዝርታቸውን ሲያዩ ቆዩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ጎጇቸው ደጃፍ ጥጥ ስፈለቅቅላቸው፣ ያቺ ሴት ስሟ ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ስሟ ምን ይሠራልሻል?»

«እንዲያው ነው። ሰው ከሆነች ስም ይኖራታል ብዬ።»

ድሮ እንደሆነ እጄን ቸብ አድርገው «ሥራሽን ሥሪ» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ግን ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ነኝ» አሉ።

ነገሩ የሆነ ዓመት ባላቸው በመኸር ታመው አልጋ ይዘው ነበር። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ያለ ወራቱ ደመና ተሰብስቧል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየራሱ ክምር ተጠምዷል። እማሆይ የባላቸውን እጀ ጠባብ ለበሱ፣ ሻሽ ጠመጠሙ፤ ጎህ ሲቀድ በሬዎቹን አውድማ አስገብተው ብቻቸውን አበራዩ። ማንም አላያቸውም። ባላቸው ግን ከዐቢይ ጾም አልዘለሉም። «እግሬ ነው የገደለው» አሉኝ እማሆይ። ይህን ለንስሐ አባታቸው እንኳ ተናግረው አያውቁም።

«ታዲያ ያንን ተረት ለምን ያወሩልናል?»

«ከሁሉ አጥብቄ የምናገረው እኔ ከሆንኩ፣ ማን ይጠረጥረኛል ልጄ?»

እኔ ያኔ ማጽናናት አላውቅም ነበር፤ ነገሩ አልገጥም ብሎኝ ብቻ ነው የጠየቅኩ። «ግን እማሆይ፣ አውድማው የገቡት ባለቤትዎ ስለታመሙ አይደል?»

«አዎን።»

«እንግዲያው እሳቸው ቀድመው ታመዋላ!»

እንዝርቱ ከእጃቸው አምልጦ መሬት ላይ ተሽከረከረ። አላነሡትም።

«ገብሱስ ገለባ ሆነ?» አልኳቸው፤ እሱንም ማወቅ ፈልጌ።

«ምን ይሆናል፣ እስከ ነሐሴ በላነው እንጂ» አሉና የገዛ ቃላቸው እንዳስደነገጣቸው ሁሉ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

በማግስቱ ማልደው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲመለሱ ግን ትንሽ ተኝቶ የተነሣ ሰው መስለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የአጎቴ ልጆች «የመልአኩን ይንገሩን» ብለው ሲያስቸግሯቸው «ረሳሁት» ይሏቸዋል። በዓይናቸው ወደ እኔ ያያሉ፤ እኔም አልናገርም።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ፣ ጠበቃ አደርጋታለሁ ያለው አባቴ ራሱ ሽማግሌ ተቀብሎ ዳረኝ። ደብተሮቼን ለእህቴ ሰጥቼ ሄድኩ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ለሌላ ሰው ሲሆን ከአፌ ዱብ የሚለው ጥያቄ ለራሴ ሲሆን የት እንደሚገባ እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። ዝምተኛ ናት ይሉኛል። ዝም ብዬ ግን አያለሁ፤ በየዓመቱ አርሜ፣ አጭጄ፣ ተሸክሜ አመጣና አውድማው ዳር ስደርስ እግሬ በራሱ ይቆማል።

ባለፈው ታኅሣሥ ልጄን አዝዬ ለባሌ ምሳ ይዤ ወረድኩ። ብቻውን ነበር፤ ወንድሙ ታሞበት ቀርቷል። ጥሩ ነፋስ ተነሥቶ እያለ እሱ ምርቱን በላይዳ ሽቅብ እየበተነ፣ በላብ ተጠምቆ፣ አንድ እጅ አልበቃ ብሎት ሲንገላታ አየሁት። እንደ ወትሮው አገልግሉን ዳር ላይ አስቀመጥኩ።

«ሂጂ በቃ፣ ልጅቷ ፀሐይ እንዳይመታት» አለኝ።

ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ከግራሩ ጥላ ሥር አስተኛኋት። ከዚያ ጫማዬን አወለቅኩና ገባሁ።

«ኧረ አንቺ! ምን ልትሆኚ ነው?»

«ነፋሱ ሳይሄድብን» አልኩት፤ የወንድሙን ላይዳም አነሣሁ።