የሰማንያ ቀን ዋስትና

ልጄ ከሐዋሳ ደውላ «እማዬ፣ ቀኔ ደርሷል፣ ነይልኝ» ባለችኝ ዕለት ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ አሰርኩ፣ ሦስት ጊዜ ፈታሁ። የገንፎ ዱቄቱ፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ምኑ ቅጡ! የመጀመሪያ የልጅ ልጄን ልታቀፍ ነው፤ ማን ይቻለኝ?

ቢሆንም አንድ ነገር አልዘነጋሁም። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለችው ቤቴ የእኔ የጡረተኛዋ አስተማሪ የዕድሜ ልክ ድካም ናት። ባሌ ካረፈ ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። የጎረቤት ቤት በመብራት ጠንቅ ከተቃጠለ ጀምሮ ኢንሹራንስ ገብቼላታለሁ፤ ውሉንም እንደ ተማሪ ፈተና መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ። ቤቱ ከሠላሳ ቀን በላይ ሰው ሳይኖርበት ከቆየ ዋስትናው ይቋረጣል ይላል። አስቀድሞ ላሳወቀ ግን ቀን ይጨመርለታል። ስለዚህ ከመሳፈሬ በፊት ቢሯቸው ሄድኩ።

«ለረጅም ዕረፍት ነው እትዬ?» አለችኝ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ።

«ምን ዕረፍት! ልጄ ልትወልድ ነው። ክርስትና አስነሥቼ ነው የምመለሰው።»

«ስንት ቀን ልበል?»

«አርባ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። የልጄን ሆድ በስልክ አይቼዋለሁ፤ ሹል ነው፣ ወንድ ነው፣ አለቀ። ልጅቷ ለመንገዱ አምስት ጨምራ አርባ አምስት ቀን ብላ ጻፈችና ማኅተም መታችበት።

ሕፃኗ ሴት ሆነች!

እልልታዬን አቀለጥኩት። ነርሷ «ኧረ እማማ፣ ሌሎች ሰዎች ተኝተዋል» ብላ እስክትቆጣኝ ድረስ አላቆምኩም። ያቺን ትንሽ ፊት አገላብጬ ሳምኳት። ደስታው በረድ ሲልልኝ ነው «ወይ ጉዴ!» ያልኩት። ሴት ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ይኼን ሁሉ ዘመን ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት!

ደወልኩላቸው። ያችው ልጅ መጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረቻት አለችኝ፣ ቀጥላ ሳቀችብኝ። ለማራዘም ራሴ መጥቼ መፈረም አለብኝ። አለዚያ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ገብቶ ይኑርበት፤ ሰው ከኖረበት የቀን ገደብ የለበትም።

ሰው ከየት ላምጣ? ጎረቤቴ ቁልፉን ትይዝልኛለች እንጂ ልጆቿን ጥላ እኔ ቤት አታድርም። ፈርሜ ልምጣ እንዳልል ከሐዋሳ ጎንደር ደርሶ መልስ በእኔ ዕድሜ አይሞከርም፤ ጠቅልዬ ልመለስ ብል ደግሞ ሆዴ እምቢ አለ። እኔ ይህችን ልጄን የወለድኩ ጊዜ እናቴ ለክርስትናዋ አልመጣችም። «ቤቱን ለማን ትቼ ልምጣ?» የሚል መልእክት ብቻ ነበር የደረሰኝ። ያን ቀን አልቅሼ፣ እኔ ለልጄ እንዲህ አልሆንባትም ብዬ ምዬ ነበር።

ዳባት ደጋ ላይ ገብስ የሚያርስ ታላቅ ወንድም አለኝ። ደውዬ ብሶቴን ነገርኩት፤ «አያ፣ ክርስትናው ሊያመልጠኝ ነው፣ ልመለስ ነው» አልኩት።

«ለዚያ ለወረቀትሽ ስትይ? ቤት ጠባቂው እግዜር ነው ብዬሽ አልነበር? ከእሱ የሚበልጥ ዋስ ልትገዢ ሄድሽ!» ብሎ ከት ከት አለ። ደሜ ፈላ፤ ደህና ሁን እንኳ ሳልል ስልኩን ዘጋሁበት።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ደወለች። «ኧረ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው በርሽ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሟ ነኝ፣ ቁልፉን አምጪ ይላሉ። ልስጣቸው?»

«ስጪው! ስጪው!» ብዬ ጮህኩ። ሕፃኗ ደንግጣ ተነሣች፤ እኔ እንባዬና ሳቄ ተቀላቀለብኝ። ወንድሜ እኮ ጎንደር አያድርም፤ ለገበያ ቢመጣ እንኳ ጉዳዩን ጨርሶ በዚያው ቀን ነው የሚመለሰው። ያውም የገብስ አጨዳው ወቅት ነበር። በማግሥቱ ኢንሹራንሱ ቢሮ ድረስ ሄዶ «ሰው ይኑርበት ያላችሁት ቤት፣ ሰውየው እኔ ነኝ፤ ጻፉኝ» አላቸው አሉ። ልጅቷ ናት እየሳቀች ደውላ የነገረችኝ።

ሰማንያው ቀን ደረሰ፤ የልጅ ልጄ ክርስትና ተነሣች። ውኃው ሲነካት በለቅሶ ቤተ ክርስቲያኑን አናጋችው። ልጄ አጠገቤ ቆማ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። እንዲህ ያለ ደስታ እንዳለም አላውቅም ነበር።

ጎንደር ስመለስ ወንድሜ ጓሮውን አርሞ፣ የተገነጠለውን አሸንዳ ጠግኖ ጠበቀኝ።

«አያ፣ ገብስህስ?»

«ጎረቤት በደቦ አጨደው።»

«ታዲያ ምነው መጣህ? በስልክ ስትስቅብኝ አልነበር?»

አጎንብሶ መሬቱን በዱላው ጫር ጫር አደረገ።

«ያኔ አንቺ ስትወልጂ እናታችን ስንቋን ቋጥራ ነበር። ቤቱን አንተ ጠብቅልኝና ልሂድ ብትለኝ፣ የጓደኛዬ ሠርግ አለብኝ ብዬ ጥያት ሄድኩ። ስመለስ የቋጠረችውን ፈትታ አገኘኋት። አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም።»

በአንገቱ ያንጠለጠለውን ቁልፍ አውልቆ «እንኪ» አለኝ።

ስንት ዘመን እናቴን ተቀይሜ ኖርኩ! በማግሥቱ ቤቴን ቆልፌ አብሬው ዳባት ወጣሁና መቃብሯ ላይ ቆሜ ይቅር በይኝ አልኳት።