ተማሪዬ ያስተረጎመችልኝ ዕለት

ናይሮቢ ከገባሁ ጀምሮ እንጀራዬ ጂኦግራፊ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ አስተምር ነበር፤ እዚህ ሰው ቤት እየሄድኩ አስጠናለሁ። በዚያን ጊዜ የማስጠናት አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ትልቅ ሥራ አላቸው፣ የእኛው አገር ሰው ናቸው። ከምኖርበት የስደተኞች ሰፈር፣ ከኢስትሊ፣ እነሱ ጋ ለመድረስ ሁለት ማታቱ፣ የዚህን አገር ሚኒባስ፣ እይዛለሁ። በር ላይ ዘበኛው ሁልጊዜ መታወቂያ ይጠይቀኛል፤ ባለፈው ሳምንት ያስገባኝ ያው ዘበኛ።

ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አልዋሽም። እዚሁ ስላደገች "ጋሼ፣ ይሄ ኮንሰፕት ኮንፊውዝ አደረገኝ" ነው የምትለኝ። ስፔስና ፕሌስ የሚባሉት ነገሮች ልዩነታቸው አልገባ ብሏት ነበር። "ኢስትሊ ለአንቺ ካርታ ላይ ያለ ነጥብ ነው፣ እሱን ስፔስ በይው። ለእኔ ግን የትኛው ፎቅ ደረጃው መብራት እንደሌለው፣ ጠዋት ማን ሱቁን ቀድሞ እንደሚከፍት የማውቅበት ሰፈር ነው፣ እሱ ፕሌስ ነው" አልኳት። ገባት። ስለ ስደት ስንማርም ገፊና ሳቢ ምክንያት ብቻ ደርድረሽ እንዳታልፊ፣ ሰው የሚሄደው ቀድሞት የሄደ ሰው ወዳለበት ነው፣ አልኳት። ይህንንም ያዘችልኝ።

አንድ ቀን እናቷ "ቲቸር፣ ክፍላቸው ለፊልድ ዎርክ ኢስትሊ ሊመጣ ነው። ስለ ስደት እርስዎ ቢያነጋግሯቸውስ?" አሉኝ። ትምህርት ቤቱ ረዳት የጂኦግራፊ አስተማሪ እየፈለገ መሆኑን፣ አስተማሪያቸው በዚያው ቢያየኝ ጥሩ እንደሆነም ጨመሩልኝ። እኔ ሞኙ፣ ለማስተማር የተጠራሁ መሰለኝ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ማስተማር ምን ያህል እንደናፈቀኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ኮቴን አስተኮስኩ። የሰፈሩን ካርታ በትልቅ ወረቀት ላይ በእጄ ሣልኩ፣ ሱማሌውና አበሻው የት የት እንደሚነግድ በቀለም ለየሁ። እንግሊዝኛ ንግግሬንም ቤቴ ውስጥ ለግድግዳው ደጋግሜ ተናገርኩት።

ቀጠሯችን አንድ የአበሻ ካፌ ነበር። ልጆቹ በትምህርት ቤታቸው አውቶቡስ መጡና በቡድን በቡድን ተከፋፍለው የተለያዩ ስደተኞች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ለካ እኔም ከስደተኞቹ አንዱ ነኝ። ተማሪዬ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ አስተማሪዋ ከኋላዋ ቆመ። ሰላም ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"አባባ፣ እዚህ ከመጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?"

ጋሼ ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት። ዓይኗን አየሁት፤ አታውቀኝ፣ እባክህ አታውቀኝ ይላል። ከዚያ ዞር ብላ ለጓደኞቿ በእንግሊዝኛ፣ "እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እኔ አስተረጉምላችኋለሁ" አለች። ከክፍሏ በጂኦግራፊ አንደኛ ናት። አስጠኚዋ ከዚህ ሰፈር የሚመጣ ስደተኛ መሆኑ እንዳይሰማ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?

አንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ብናገር ጉዱ ይፈላ ነበር። ደሜ ፈልቷል። ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በጓደኞቿ ፊት እንዴት አዋርዳለሁ? በአማርኛ መለስኩላት። ሰው ለምን እንደሚሰደድ፣ የቀደመው የኋለኛውን እንዴት እንደሚስብ፣ ድንበር ለአንዱ መስመር ለሌላው ግንብ እንደሚሆን፣ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ "አገራቸው ሥራ አልነበረም ይላሉ" ብላ ተረጎመችው። አስተማሪዋ በአዘኔታ ራሱን ነቀነቀልኝ። ጠረጴዛው ሥር ያስቀመጥኩትን ካርታዬን እንደተጠቀለለ ይዤው ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ቤቱ ደስታ ነው። ሪፖርቷ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል። አሳየችኝ፤ ፎቶዬ አለበት፣ ከሥሩ የእኔው ቃል አለ፣ ሰው የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው የሚለው፣ እንደ ራሷ ሐሳብ። እናቷ ሻይ አቀረቡልኝና አጠገቤ ተቀመጡ።

"ቲቸር፣ ለዚያ ሥራ ለአስተማሪያቸው ስለ እርስዎ ነግሬው ነበር። ኮት የለበሱት ሰውዬ ስለው አስታወሰዎት። ግን አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸውን ሰው እንዴት ክፍል አስገባለሁ አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ እርስዎ እኮ እንግሊዝኛ ከእኔ ይበልጣሉ።"

ልጅቷ መጽሐፏ ላይ አቀርቅራለች። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ሌላ ሰው መስዬው ይሆናል አልኳቸው። እሳቸው ወደ ጓዳ ሲገቡ ወንበሬን ሳብኩና ትምህርቱን ጀመርኩ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ፣ አንድም የአማርኛ ቃል ሳልጨምር።

ከዚያ ቀን ወዲህ በአማርኛ አናግሬያት አላውቅም። እሷ ግን እስካሁን "እሺ፣ ጋሼ" እያለች ነው የምትመልስልኝ።