ሟች የሌለው የእድር ጥሪ

ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። ኦስሎ ውስጥ አውቶብስ ስነዳ ኖሬ፣ ጡረታ ልወጣ ስል ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ብቻ ተምሬ የእድራችንን የኢሜይል ሰርቨር በእጄ ተከልኩ። ዛሬም ስቶቭነር ባለው ቤቴ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ ይሠራል። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች አይተውት የሚሉት ጠፍቷቸዋል።

ከሁሉ የምኮራው በአንዲት አጭር ስክሪፕት ነው፤ ማሽኑ በየጠዋቱ ራሱ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ናቸው። ሰው ሲሞት የቀብሩን ቦታና ሰዓት ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ ስክሪፕቷ ታወጣዋለች፤ ማሽኑም ያወጣችውን ሁሉ ለአባላቱ ይልካል። ሟች ከሌለ የሚላክ ነገር የለም።

ባለፈው መኸር የማሽኑን ሶፍትዌር አደስኩ። ስክሪፕቷ ውስጥ የነበረው ኢግሬፕ የሚባል የፍለጋ ትእዛዝ ለካ ጊዜው አልፎበታል። ሥራውን አላቆመም፤ ግን በተጠራ ቁጥር «ይህ ትእዛዝ አርጅቷል» የሚል አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ያወጣል። ማሽኑም የወጣውን ሁሉ እንዲልክ አዝዤዋለሁና ላከው።

የእኛ ሰው የእድር ኢሜይል ሲደርሰው የላኪውን ስም አይቶ ይነሣል እንጂ ውስጡን አያነብም። ደውሎ «ማን ሞተ?» ማለትም ነውር ነው። ፕሪንስዳል የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ታመው መክረማቸውን ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ድስቱን ይዞ ወደዚያው ሄደ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው።

«ምነው፣ ምን ሆናችሁ?»

«እርስዎን ልንጠይቅ ነው፣ ጋሼ» አለች አንዷ ለቅሶዋን ውጣ።

«ነጠላ ዘቅዝቃችሁ?»

ተደውሎልኝ ስደርስ የእድሩ ሊቀመንበር፣ በልጄ ዕድሜ ያለች ሴት፣ ደጃፉ ላይ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ቆሞ የሚሄድ ሰው እኮ ገደሉ! እሑድ ስብሰባ እንጠራለን። ማሽኑ ይነቀልና በስልክ ቡድን እንጠራራ።»

ደነገጥኩ፤ አልደብቅም። ቤቴ ገብቼ ኢግሬፕን አውጥቼ አዲሱን ትእዛዝ ተካሁ። ከዚያ ሌሎቹን አሥራ አንድ ስክሪፕቶች አንድ በአንድ ፈትሼ፣ ያረጀውን ሁሉ ለወጥኩ። የማሽኑ ማስጠንቀቂያም ከእንግዲህ ለእኔ ብቻ እንዲመጣ አደረግኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ወር ይፈጅበት ነበር።

እሑድ ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ በሚሰጠን አዳራሽ ይህንኑ አስረዳሁ። የገባው ሰው አልነበረም። ድምፅ ሊሰጥ ሲል የፕሪንስዳሉ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ማሽኑ ይቆይ» አሉ። «ማን እንደሚያለቅስልኝ በዓይኔ አየሁ። ባዶ እጁን የሚመጣውንም አየሁ።» ወደ ሊቀመንበሯ ዞሩ።

«ከሥራ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ! ከሄልስፊር፣ በቀጥታ ከቢሮ!» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ማሽኑ እንዲቆይ እጅ ይውጣ ሲባል የሁሉም ወጣ። የሊቀመንበሯ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ግን ወጣ።