ከከድር እጅ የነጠቅኩት ብርሃን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። እናቴም ሳትሰማው ሞተች። ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ ምላሴ ጫፍ ድረስ ይመጣል፤ ቀና ስል ወደነበረበት ይመለሳል። አላህ እንደሆነ ያውቀዋል። እሱ የሚያውቀውን ለእሱ መንገር ምን ድፍረት ይጠይቃል? እኔ የምፈራው ሰውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፊቴን ለማታዩት ለእናንተ ልናገር።

እኔ ጀማል፣ ከጓደኛዬ እጅ ብርሃን ነጠቅኩ። ጨለማ ውስጥ ትቼው ወጣሁ። ከዚያም ዝም አልኩ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

ሦስት ነበርን፤ ከድር፣ እንድሪስና እኔ። ከሚሴ ውስጥ አንድ ሰፈር ያደግን፣ ቦርከና ሲሞላ ተደብቀን ስንዋኝ ተይዘን አብረን የተገረፍን ነን። ካደግን በኋላ እንድሪስ ጅቡቲ ወርዶ ወደብ ላይ ሠራ። ለእረፍት ሲመጣ ሁለት የውሃ መነጽርና ውሃ የማያስገባ ሁለት የእጅ ባትሪ ይዞ መጣ። ከድር ደግሞ ያን ሰሞን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ፣ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚያስነዳው ባለመኪና አግኝቶ ነበር። ከደስታው ብዛት መንገድ ላይ ሲሄድ እንኳ እጁ መሪ የሚያዞር ይመስል ነበር።

ከጨፋ ሮቢት ወዲያ፣ ተራራው ሜዳውን በሚነካበት ጥግ አንድ ዋሻ አለ። ውስጡ ኩሬ ነው። ከኩሬው ጀርባ ሌላ ቤት አለ፣ በውሃ ስር ካልሆነ አይገባም እያሉ ሽማግሌዎች ሲያወሩ ሰምተን ነው ያደግነው። እንድሪስ «ቅዳሜና እሁድን እዚያ አናድርም? መነጽሩ ለምንድነው የመጣው?» አለን። ጁምዓ ሰግደን፣ ድንኳንና ብርድ ልብስ ተሸክመን በባጃጅ ሮቢት ደረስን፤ ከዚያ በማሽላው መሃል በእግር ሄድን። ማሽላው ከእኛ ቁመት ይበልጥ ስለነበር የምንሰማው የቅጠሉን ሹክሹክታና ከፊት የሚሄደውን የከድርን ፉጨት ብቻ ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ድንኳናችንን ተክለን ቁልቁል ስናይ ሸለቆው ሁሉ በማታ ጭጋግ ተሸፍኖ ነጭ ባሕር ሆኖ ነበር። የከብቱ እምቧታ ከባሕሩ ስር የሚመጣ ይመስል ነበር። እንደዚያን ምሽት ጓደኞቼን የወደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ የምጠላውን ሰው አይደለም የበደልኩት።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ እንድሪስ የገመዱን ጫፍ ይዞ ገባ። ቆይቶ ብቅ ሲል ዓይኑ በርቷል።

«ወላሂ ቤት ነው! አየር አለው! ገመዱን ወዲያ ካለው ድንጋይ አስሬዋለሁ። እሱን ይዛችሁ ነው የምትሄዱ። አንድ ትንፋሽ ይበቃል።»

እሱ የገመዱን ወዲህኛ ጫፍ ይዞ ቀረ። ከድርና እኔ ገባን።

ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ ገና ከእንቅልፍ ያልነቃ ሰው ገላ ይመስላል። ከውሃው ስር ያለውን ቀዳዳ አልፈን ብቅ ስንል ጣሪያው ዝቅ ያለ ክብ ቤት ውስጥ ነን። ድንጋዩን ውሃ ልሶ ልሶ አለስልሶታል፤ በባትሪያችን ብርሃን እንደ ወተት ይነጣል። ውሃው ብርሃኑን እየሰበረ ጣሪያው ላይ ይወረውረዋል፤ ጣሪያው ራሱ የሚፈስ መሰለኝ። ከድር ቀስ ብሎ «ሱብሃነላህ» ሲል ግድግዳው ተቀብሎ፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ መለሰለት። በጀርባችን ተንሳፈፍን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ህልም ውስጥ ማን ሰዓት ያያል?

«ጀማል» አለኝ ከድር፤ «ተሳቢውን ይዤ አፋር በረሃ ላይ ስነዳ ይሄን ውሃ ነው የማስበው። እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ያን ጊዜ ነው የኔ ባትሪ አንዴ ብልጭ፣ አንዴ ድርግም ብሎ የጠፋው።

«አብሽር» አለኝ፤ «የኔ አለ። አንተ ቅደም። እኔ ከኋላህ ሆኜ አበራልሃለሁ።»

ትንፋሼን ስቤ ጠለቅኩ። ከኋላዬ ሲያበራ ግን የራሴ ጥላ ከፊቴ ቀዳዳውን ሞላው። ጥቁር ነገር ቆሞ የሚጠብቀኝ መሰለኝ። ዞርኩ። ከድር አጠገቤ ነበር፤ በአንድ እጁ ገመዱን ይዞ፣ በአንድ እጁ ባትሪውን ወደ እኔ ዘርግቶ። መንገዱ እንዲታየኝ ብሎ ነው የዘረጋልኝ። እኔ ባትሪውን ያዝኩት። አልለቀቀም፤ የተጨነቅኩ መስሎት ጭራሽ አቀረበልኝ። እኔ ሳብኩት። ጣቶቹ ሲላቀቁ እስካሁን መዳፌ ላይ ይሰማኛል። ነጥቄው ስዞር እግሬ ፊቱን መታው፤ መነጽሩ ሲወልቅ፣ እጁም ገመዱን ሲለቅ አየሁ። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሌ ገመዱን እየሳብኩ ሄድኩ። ወዲያ ማዶ ከታሰረበት ድንጋይ ሲፈታ፣ እጄ ውስጥ ሲላላ ታወቀኝ። ምን ማለት እንደሆነም ገባኝ። ቆምኩ? አልቆምኩም።

እዚህ ድረስ ያለውን ለራሴ ስነግረው «ፍርሃት ነው» እላለሁ። ውሃ ውስጥ የደነገጠ ሰው እናቱንም ይረግጣል እላለሁ። የሚቀጥለውን ግን ምን ልበለው? ከቀዳዳው ወጥቼ፣ ከላይ የዋሻው አፍ ብርሃን እየታየኝ፣ የእንድሪስ እግር ኩሬው ዳር ቆሞ እያየሁት፣ እጄ ላይ ያለው ባትሪ ትዝ አለኝ። የከድር ባትሪ እኔ እጅ ምን ይሠራል ቢለኝስ? እጄን ከፈትኩ። ባትሪው እንደበራ፣ ቀስ እያለ እየተሽከረከረ ወደ ጥልቁ ወረደ። እያነሰ፣ እያነሰ፣ የሚያንቀላፋ ዓይን መሰለና ተከደነ። ያኔ አልፈራሁም ነበር። ልቤ ጸጥ ብሎ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ጸጥታ ነው።

«ከድርስ?» አለ እንድሪስ።

«ከኋላዬ ነው።»

ገመዱን ሳበው፤ ባዶውን መጣለት። አንድ ጊዜ አየኝ። መነጽሬን ከፊቴ ነቅሎ አጠለቀ፤ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረና ጫፉን እጄ ላይ ጠቀለለው። «አደራ ጀማል፣ እንዳትለቅ» አለ። «ቢስሚላህ» ብሎ ያለምንም መብራት ገባ። እኔን ነው አደራ ያለው።

ገመዱን ይዤ ቆምኩ። ውሃው መስታወት ሆኖ ፊቴን ያሳየኝ ነበር። ዘመናት የመሰለኝ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሁለት ራስ አንድ ላይ ብቅ አለ። ከድር ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጣል። እንድሪስ እንዳለው፣ ያገኘው ወደዚያ ቤት ተመልሶ፣ ጨለማው ውስጥ ድንጋይ አቅፎ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ሸሃዳ ሲል ነው። ከውሃው ሲወጣ መጀመሪያ የተናገረው ምን መሰላችሁ?

«ጀማል ወጥቷል?»

ብርድ ልብስ አለበስኩት። እጄን ያዘ። «ባትሪው ከእጄ አመለጠኝ» አለኝ። «ላበራልህ ብዬ እጄ ከዳኝ። ጨለማ ውስጥ ልገልህ ነበር፣ ወንድሜ። አፉ በለኝ።»

በኛ አገር አፉ በለኝ ያለን ሰው አፉ አልልህም አይባልም። እኔም አልኩ። «አፉ ብያለሁ» አልኩት። የራሴን ወንጀል ለእሱ ይቅር አልኩለት። ከዚህ የባሰ ውሸት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከድር ተሳቢውን አልነዳም። ባለመኪናው ቤቱ ድረስ መጥቶ ለመነው። «መሪ ይዤ እጄ ቢከዳኝ የስንት ሰው ነፍስ ነው?» ብሎ መለሰው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር። ዛሬ ሰንበቴ ገበያ ፍየል ይነግዳል። ይስቃል፣ ይጫወታል፤ ሰውም ይወደዋል። ሚስቱ ለሚስቴ እንደነገረቻት ግን አምፖል ሳይበራ አይተኛም። እንድሪስ ወደ ጅቡቲ ተመልሷል። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ «ያ ገመድ እኮ እኔ ነበርኩ ያሰርኩት፤ ደህና አድርጌ ነው ያሰርኩት» አለኝ። እኔ ስለ ጅቡቲ ሙቀት ጠየቅኩት።

ለዓመታት እንዲህ ኖርኩ። አሁን ለምን እንደምናገር ልንገራችሁ። በዚህ ክረምት ከከድር ጋር ወደ ሰርግ ስንሄድ አንድ ወንዝ መሻገር ነበረብን። ውሃው ጉልበት ድረስ ነው፤ ሴት ወንዱ ይሻገረዋል። ከድር ትንሿን ልጁን ታቅፎ ነበር። ዳር ላይ ሲደርስ ቆመና ልጅቷን ወደ እኔ ዘረጋት።

«አንተ ያዛት» አለኝ። «የኔ እጅ አይታመንም።»

ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው ያለው። ሀዘንም የለበት፣ ምሬትም የለበት። አምኖበት ኖሯል። ተቀበልኳት። ክንዷን አንገቴ ላይ ጠምጥማ ጆሮዬ ስር ትተነፍሳለች። ከድር ቀድሞ ተሻግሮ፣ ሁለት እጁን ብብቱ ስር ወትፎ «ኮቱ፣ ኮቱ» እያለ ወዲያ ማዶ ይጠራታል። የገዛ ልጁን ለመቀበል እጁን አልዘረጋም። መሬት ረግጣ እስክትቆም ጠበቀ። ከዚያ «አላህ ያቆይልኝ» አለኝ። ለእኔ!

አሚን አልኩ? አፌ ተከፈተ፤ ምን እንደወጣበት አላውቅም።

የፊታችን እሁድ ኢንሻ አላህ ሰንበቴ እሄዳለሁ። ገበያው ሲሳሳ፣ ፍየሎቹ ሲያልቁ ለብቻው እወስደዋለሁ። ልጅ ነበርኩ አልለውም። ፈርቼ ነው አልለውም። «እጅህ አልከዳህም ከድር፤ ባትሪውን እኔ ነጠቅኩህ። ገመዱንም እኔ ነኝ የፈታሁብህ» እለዋለሁ። ቢመታኝ ልመታ። ለእንድሪስም ለሰፈሩም ቢናገር ይናገር።

አፉ በለኝ ግን አልለውም። ያን ቃል ከሰማ ከድር እምቢ ማለት አይችልም፤ እንዲያ የሚጨክን ሰው አይደለም። ይቅር ባይለኝ መብቱ ነው። ይህን መብቱን ደግሞ አልነጥቀውም።