ከሩቅ የሚያየው መሣሪያ

ቡሬ ላይ ከክፍል አስወጥተው ሲይዙኝ እጄ ላይ ጠመኔ ነበር። ፍኖተ ሰላም ያስገቡኝ ቤት የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው፤ ወለሉ የበቆሎ ብናኝ አለበት፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ምን እንዳጠፋሁ አልተነገረኝም።

ቀኑ አልገፋ ሲል ፊልም መተረክ ጀመርሁ። በቴሌቪዥን እከታተለው የነበረ፣ በከዋክብት መካከል የሚጓዙ ሰዎች ታሪክ ነው። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና እያንዳንዱን መሣሪያ «ይሆናል»፣ «አይሆንም» እያልሁ እፈርድበታለሁ። ሰውን በትኖ ሌላ ቦታ የሚገጥመው አይሆንም። የባዕድ ቋንቋ የሚተረጉመው ይሆናል፤ ተጀምሯልም። አብረውን የታሰሩ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ የኔታ ነው የምንላቸው።

«ቅዱሳን በደመና እንደሚሄዱ አውቃለሁ። የአንተዎቹ በምን ጸሎት ነው?» ይሉኛል። እዚያም ውስጥ ሆነን እንስቅ ነበር።

ከአጠገቤ የሚተኛው የሽንዲ ገበሬ የወደደው ግን ሌላውን ነው፤ ሩቅ ያለ ሰው በሕይወት መኖሩን የሚያሳየውን፣ በእጅ የሚያዘውን መሣሪያ። እሱ ሲያዝ ሚስቱ ታማ ተኝታ ነበር። ስልክ ተቋርጧል፣ ጠያቂም አልመጣለትም።

«መምህር፣ እሱስ ይሆናል?»

«ይሆናል። ከግድግዳ ማዶ የልብ ምት የሚለይ አሁንም አለ። አንድ ቀን ሩቁንም ያያል።»

«ሽንዲ ድረስ?»

«ሽንዲ ድረስ።»

በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ በየቀኑ ያንኑ እመልስለታለሁ። ሲሰማኝ ፊቱ ፈታ ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእሱ አገር አዲስ እስረኛ ገባ። ገበሬው ሽንት ቤት ሄዶ ሳለ ለየኔታና ለእኔ በሹክሹክታ ነገረን። የገበሬው ሚስት ከተቀበረች ሰንብታለች። በእኛ አገር መርዶ እንደተሰማ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ አልቃሽ ባለበት ነው። የኔታ «ነገ ጧት» አሉ።

ገበሬው ተመልሶ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ። «ይሆናል» ማለት አልቻልሁም።

«እሱስ አይሆንም» አልሁት።

ትክ ብሎ አየኝ። «ትናንት ይሆናል አላልኸኝም?»

«ተሳስቼ ነው።»

እራቱን ለሌላ ሰጠ፤ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። እንደገባው አወቅሁ። ሥርዓቱን እየጠበቀ ነበር።

ሲነጋ ሁላችንም ከአንዲት ጆግ ውሃ ፊታችንን ታጥበን ገበሬውን ከበን ቆምን። የኔታ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ባለቤትህ አርፋለች» አሉት። ገበሬው ሳይደነግጥ ተነሥቶ እጅ ነሣቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው። መጮህ ክልክል ስለሆነ አፋችንን በጋቢያችን ይዘን አብረነው አለቀስን። ጠባቂው በሩን ከፍቶ ምን እንደሆንን ጠየቀ።

«ለቅሶ ላይ ነን» አሉት የኔታ። «ትንሽ ቆይተህ ና።»

ጠባቂው ኮፍያውን አወለቀና በሩን በቀስታ መለሰው።

ዛሬ ተመልሼ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ፊልሞቹ መሣሪያዎች ሲጠይቁኝ እንደ ድሮው ይሆናል፣ አይሆንም እላቸዋለሁ። ያን ሩቅ የሚያየውን ሲጠይቁኝ ግን ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ። መርዶውን የተናገሩት የኔታ ናቸው፤ አብረውን የነበሩት ሁሉ የሚያስታውሱት እንደዚያ ነው። ያን ሰው ሌሊቱን ሙሉ፣ አንድ አልቃሽ ሳይኖረው፣ ብቻውን ከሐዘኑ ጋር ያሳደርሁት ግን እኔ ነኝ።